የመጨረሻው ክፍል በግቢያችን ተቀረጸ

ለምህረት አባት፣ ለውዴ ታረቀኝ፤

ከተለየኸን ክረምቱ አልፎ በጋው ተጋመሰ። እኛ ደህና ነን። እኔ ደክሞኛል እንጂ ደህና ነኝ። ጠዋት አስተምራለሁ፣ ከሰዓት የቤቱን ጣጣ እይዛለሁ፣ ሲመሽ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ይወስደኛል። ምህረት በቁመት በልጣኛለች። የጓሮው እንሰት ደርሷል፤ ለመፋቅ ግን ጉልበቱ የለኝም።

ለቀረጻ ብለህ ከቤት ያወጣኸው ዕቃ ሁሉ ተመልሷል። መጋረጃው፣ የፕላስቲክ ወንበሮቹ፣ ዋናዋ ተዋናይት ለብሳ የጨረሰችው ቀሚሴ ሳይቀር። ድራማህ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ሰው ታሪኩን ሲከታተል እኔ ከውስጡ ዕቃዬን ስፈልግ ትስቅብኝ ነበር። አሁን ዕቃው ሞልቶ የሚስቅብኝ ጠፋ።

አንተ እኮ ዳይሬክተር የሆንከው ልሁን ብለህ አይደለም። መድረክ ላይ ሰካራም ሆነህ በተጫወትክ ሰሞን፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃ ነው ብትል የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አላመኑህም፤ ከጌታ እራት አገዱህ። ቦዲቲ ገበያ ስወርድ እንኳ ሴቶቹ እኔን አይተው ከንፈር ይመጡልኝ ነበር። እንግዲያው ሌላው ይስከር፣ እኔ ላሰክር ብለህ ከካሜራው ኋላ ሄድክ። በዚያው ከመድረክ ወደ ፊልም፣ ከፊልም ወደ ቴሌቪዥን አለፍክ። ካገዱህ ሽማግሌዎች አንዱ ኋላ በድራማህ ዳኛ ልሁን ብሎ ደጅ ጠናህ፤ ሰጠኸውም። እኔ ብሆን አልሰጠውም ነበር።

ልነግርህ የፈለግሁት ግን ስለ መጨረሻው ክፍል ነው። በድራማው ያለው አቶ ዳና ሞቶ የሚለቀስበትን ትዕይንት በእኛ ግቢ ልትቀርጸው አስበህ ሳትደርስ ቀረህ። በቀደም ረዳትህ ጴጥሮስ መጥቶ፣ ይህ ካልተቀረጸ ድራማው ሳያልቅ ይቀራል፣ የዚያ ሁሉ ዓመት ድካምህም መና ይቀራል አለኝ። ድንኳን ዳግም በደጄ ሲተከል ማየት አልፈለግሁም፤ ጨክኜ እምቢ ልል ነበር። ሥራህ ተንጠልጥሎ ሰው ሁሉ ሲረሳህ ማየቱ ባሰብኝና እሺ አልኩ።

ዕድሩ በአንተ ልቅሶ የተከለውን ያንኑ ድንኳን ሰጠ። አልቃሾቹም ያው ጎረቤቶቻችን ናቸው። ዲምቱ የምትኖረው አክስትህ በቀብርህ ዕለት ታማ ተኝታ ስለነበር፣ ግቢያችን ድንኳን ሊተከል ነው ሲሏት ገስግሳ መጣች። ቀረጻ መሆኑን አስረዳናት፤ ገብቶኛል ብላ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። ካሜራው ሲጀምር ግን ደረቷን እየመታች፣ በወላይትኛ፣ ታረቀኝ ብላ አንተን ጠራች። ከዚያማ ማን ይመልሰው። አቶ ዳና ተረሳና ግቢው ሁሉ በአንተ ስም አለቀሰ፤ ተዋናዮቹ ጭምር። ካት ብሎ ቀረጻውን የሚያስቆም ሰው ጠፋ። ጴጥሮስ ራሱ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ያለቅስ ነበር።

በመጨረሻ ተነስቼ ካት ያልኩት እኔ ነኝ። ካሜራማኑ ዓይኑን እየጠረገ፣ ስሙ ተሳስቷልና ይደገም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አንተ ብትሆን ታስደግም እንደነበር አውቃለሁ፤ አንዲት ሻይ መጠጣት ስታስደግም የዋልክ ሰው ነህ። እኔ ግን አይደገምም አልኩ። ሁለቴ አልቅሼሃለሁ፤ ለሦስተኛው አቅም የለኝም።

እንግዲህ ድራማው የሚያልቅ ቀን፣ የሚያይ ሰው ሁሉ አቶ ዳና ሞቶ ታረቀኝ ተብሎ ሲለቀስ ይሰማል። ስህተት ነው የሚል ይበል። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ በዚህ ቤት የአንተ ስም በሌላ ሰው ስም አይተካም።

ባለቤትህ፣ የምህረት እናት