አሮጊቷ ቤቱን ትታ ስትወጣ

ውድ አባቴ፣

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ትንፋሽህስ ተስተካከለልህ? የወንድሜን ቤት ደረጃ ስትወጣ አሁንም መሃል ላይ ቆመህ በመስኮቱ ውጭውን የምታይ ታስመስላለህ ወይስ ሳታርፍ ትወጣዋለህ? እኔ ደህና ነኝ። ግራ ዓይኔ ብቻ ትናንት ተነድፎ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ይህን የምጽፍልህ በአንድ ዓይኔ ስለሆነ መስመሩ ቢዛነፍ አትሳቅብኝ።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። ስልክ ባነሳህ ቁጥር ወንድሜ ድምፁን ከፍ ያደርገውና ቤተሰቡ በሙሉ፣ ሚስቱም ልጆቹም፣ ቁጭ ብለው ያዳምጡኛል። ይሄ ደግሞ ያንተና የኔ ጉዳይ ነው።

ያልከውን አልረሳሁም። የንቡ መንጋ ቀፎውን ትቶ የወጣ ዕለት እያለቀስኩ ስደውልልህ፣ ንግሥት የሌለው ቀፎ ባዶ ሣጥን ነው አልከኝ። ቀፎዎቹን የሠራልህ አናጢ በወሩ መጨረሻ ሲመጣ የመጀመሪያዋ ቀፎ ንግሥት ካላገኘች ሦስቱንም ጭኖ ይሂድ፣ አንቺም ወደ ባልሽ ቤት ግቢ አልክ። ሐኪሙ ዳግመኛ አንዲት ንብ ብትነድፍህ ልብህ እንደማይችለው ከነገረህ ወዲህ፣ ስለ ንብ ስታወራ እንደ ተቀየመ ዘመድ ሆነሃል። አልፈርድብህም። ዕድሜህን ሙሉ ያሳደግካቸው ናቸው ለአልጋ የዳረጉህ። እኔ ግን ያየሁትን ሳልነግርህ አናጢው በሩን እንዲያንኳኳ አልፈልግም።

ከመውጣታቸው ልጀምርልህ። የዚያን ዕለት ጠዋት እንዳሳየኸኝ ሣሩን ከቀፎዎቹ አፍ ላይ አጭጄ፣ የውሃ ሳህናቸውን አጥቤ ጠጠር ጨምሬበታለሁ። ጠጠር ከሌለ መቆሚያ አጥተው እንደሚሰምጡ አንዴ ረስቼ በዓይኔ አይቻለሁ። ልብስ ላሰጣ ዞር እንዳልኩ ከኋላዬ ወፍጮ የተነሳ መሰለኝ። ዘወር ስል ከመጀመሪያዋ ቀፎ ንብ እንደ ውሃ ይፈስሳል። አንዱ ባንዱ ላይ እየተንከባለለ ወጥቶ ወጥቶ ግቢው ጠቆረ። እግሬ አውጪኝ ልል ነበር፤ እግሬ እምቢ አለኝ። ዓይነ ርግብ አላደረግኩ፣ ጓንት የለኝ፣ እጄ ላይ ያንተ እርጥብ ካናቴራ ብቻ! ፀጉሬን እየነኩ፣ ጉንጬን በክንፋቸው እየዳበሱ በዙሪያዬ ዞሩ፤ አንዲትም አልነደፈችኝም። አባዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን እንዴት ሳትነግረኝ አሳደግከኝ?

ከዚያ ተነስተው የት ቢያርፉ ጥሩ ነው? ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ! እሷ እቴ፣ በሯን ጠርቅማ እየጮኸች ጠራችኝ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ ውስጥ ተዘግቶበት፣ አንዱ እግሩ አጥሮ አንዱ ረዝሞ በመስኮት ያየኛል። ባዶውን ሣጥን አምጥቼ ነጭ አንሶላ አነጠፍኩና መሰላል ላይ ወጥቼ ሰሌዳውን ነቀነቅኩት። ዱብ ብለው ወረዱ። ትንሽ ተርመሰመሱና አንሶላው ላይ ተሰልፈው በእግራቸው ወደ ሣጥኑ መግባት ጀመሩ። መሃላቸው አንዲት ረጅም፣ ጀርባዋ ላይ ቀይ ነጥብ ያለባት አየሁ። ከመሳቢያዬ ሰርቀህ በቀባሃት የጥፍር ቀለም ነው ያወቅኳት። አሮጊቷ ንግሥት ናት። የሄደችው አሮጊቷ ናት!

እኔ እኮ ከቤት የምትወጣው ወጣቷ ትመስለኝ ነበር። እኛ ዘንድ የሚወጣው ልጅ አይደል? እነሱ ዘንድ አሮጊቷ ናት የምትሄደው፤ ማሩን፣ ሰሙን፣ ስንት ዓመት የደከመችበትን ቤት ገና ላልተወለደች ልጇ ትታ። ይህን ነግረኸኝ ይሆናል፤ ያኔ አልሰማሁህም። ደግሞ ያቺ ልጅ ከማንኛዋም ተራ ንብ እንቁላል የማትለይ ነበረች አሉ። ሠራተኞቹ መርጠው፣ ሰፋ ያለ ጎጆ ሠርተው፣ ምግቧን ስለለዩላት ብቻ ንግሥት ትሆናለች። ይህን ሳስብ ሥራ ፈትቼ እቀመጣለሁ።

ከዚያ በኋላ ያዘዝከኝ፣ አትክፈቺ፣ አትንኪ ነው። አትንኪ ማለት ለኔ ምን ያህል ቅጣት እንደሆነ ታውቃለህ፤ በልጅነቴ የእጅ ሰዓትህን ፈትቼ መግጠም ያቃተኝ እኔ ነኝ። ግን ቃልህን ጠበቅኩ። ቀፎ መጀመሪያ በጆሮ ነው የሚከፈተው ትል ስለነበር፣ እንዳንተ በጣቴ አጥንት የቀፎዎቹን ጎን አንኳኳሁና ጆሮዬን ለጠፍኩ። ንግሥት ያላቸው ሁለቱ ሲንኳኩ እም ብለው ወዲያው ጸጥ ይላሉ። የመጀመሪያዋ ግን ጀመረች፣ አላቆመችም። ልቅሶ ቤት ነው የሚመስለው። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ ለማን እንዳለቀስኩ ሆድ ይፍጀው።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ እንደ ልማዴ ጆሮዬን ስለጥፍ ሌላ ነገር ሰማሁ። ቀጭን ጥሩምባ! አንዴ ረዘም አድርጋ፣ ቀጥላ አጠር አጠር እያደረገች ትነፋለች። ዝም ስትል ከዚያው ከውስጥ የታፈኑ ሌሎች ድምፆች መለሱላት። ጆሮዬን ማመን አቅቶኝ ጎረቤታችንን ጠራኋት። እሷም አዳመጠችና፣ ሣጥኑ ውስጥ ሬዲዮ ረስተሽ ይሆናል ብላኝ ሄደች። ለካ የተወለደችው ንግሥት ነጋሪት እያስጎሰመች ነው፤ የሚመልሱላት ደግሞ ገና ከጎጇቸው ያልወጡት እህቶቿ ናቸው። በማግስቱ የምትነፋው እሷ ብቻ ነበረች። ሌሎቹ እንዴት ዝም እንዳሉ አልጠየቅኩም።

ጭንቁ ግን ከዚያ በኋላ ነው። ከወንዶቹ ንቦች፣ ከድንጉሎቹ ጋር ለመገናኘት ከቤት መውጣት አለባት፤ ወጥታ ወፍ ከበላት አለቀ፣ ሌላ የለም። ቀትር ቀትር ላይ ባልዲ ደፍቼ ቀፎው ጎን እቀመጥ ጀመር። አንድ ቀን ሸንቀጥ ያለች ደፉ ላይ ብቅ አለች። አልበረረችም። ተነሳችና ፊቷን ወደ ቀፎው አዙራ፣ ግራ ቀኝ እየተወዛወዘች ቤቷን ታየው ጀመር። እያየችው ወደ ኋላ ትርቃለች፣ ደግሞ ትጠጋለች። አባዬ፣ ስትመለስ እንዳይጠፋባት ቤቷን እያጠናች ነው! እኔ ከዚህ ቤት በሰርግ ስወጣ አንዴ እንኳ ዞር ብዬ አላየሁትም። በልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ አንዲት ወፍ አንገቷን ስታሰግግ ሳይ ጫማዬን አውልቄ ወረወርኩባት። ጫማው እስከ ዛሬ የልብስ ሰፊዋ ጣሪያ ላይ ነው።

ስትመለስ አላየኋትም። ያን ሰሞን እህል አልወርድልህ አለኝ። በኋላ አንኳኩቼ አዳመጥኩ። እም አለችና ዝም። ደግሜ አንኳኳሁ። እም፣ ዝም። ጆሮዬን ስላላመንኩት ዛሬ ጠዋት ጭስ ሰጥቼ ከፈትኩ፤ ደህናው ዓይኔ አንድ ስለሆነ የማር እንጀራውን ፍሬም ወደ ፀሐይ አዙሬ ብዙ ቆየሁ። በየጉድጓዱ ግርጌ አንዳንድ ነጭ እንቁላል ቆማለች፤ ከመርፌ ቀዳዳ የተቆረጠች ክር ታክላለች። ከዳር እስከ ዳር፣ አንዲት ጉድጓድ ሳትዘለል። እዚያው ተንበረከክኩ፤ ንቦቹ እጄ ላይ ይራመዳሉ፣ እኔ ከማልቀስ በቀር ሌላ አልቻልኩም።

ስለ እሱ ጠይቀኸኛል። ደህና ነው። በአውቶቡስ ሾፌሩ እጅ ሻንጣዬን ልኮልኛል፤ የብርድ ካፖርቴን፣ የሰርግ ጫማዬን ሳይቀር አሰናድቶ፣ ምንም ሳያጎድል። በዚህ ሙቀት ካፖርት ምን ሊያደርግልሽ ብለህ አትጠይቀኝ። ልብሴን በእናቴ ቁምሳጥን ውስጥ ሰቅዬዋለሁ፤ ቦታ አልጠበበውም።

አሮጊቷ በአዲሱ ሣጥን፣ ከመኝታ ቤትህ መስኮት በታች ናት። ጉልበቷ አልደከመም፤ ሠራተኞቿ አዲስ ሰም እየሠሩላት ነው። ቤት ለልጅ ትቶ የወጣ አይሞትም ማለት ነው፣ አባዬ።

አንተ የሰው ዓይን እንደማታምን አውቃለሁ። ስለዚህ እሑድ ስትደውል ወንድሜንና ቤተሰቡን ዝም በሉ በላቸውና ስልኩን ጆሮህ ላይ አጥብቀው። እኔ አልናገርም። ስልኩን የመጀመሪያዋ ቀፎ ላይ አስጠግቼ በጣቴ አንኳኳልሃለሁ። የሰማኸው ረጅም ልቅሶ ከሆነ እንዳልከው ይሁን። እም ብላ ዝም ካለች ግን፣ አናጢው ጋሪ ይዞ ሳይሆን ሁለት አዲስ ሣጥን ሠርቶ ይምጣ በለው። እኔንም መቼ ትሄጃለሽ ብለህ ዳግመኛ አትጠይቀኝ።

ትንፋሽህን ያስፋልህ፤ ደረጃውን ያሳጥርልህ፤ ደጅህን ንብ የማይጠፋበት ያድርግልህ። ምርቃቱን ከአንተ ነው የተማርኩት፣ ስለዚህ አሜን በል።

ቤት የቀረችው ልጅህ