እጅጌው የረዘመ ኮት

ይድረስ ለሎጋው ወንድሜ። እንዴት ከረምክ? እኔ እህትህ ምላሴ ከመርፌዬ ብሶ እንደሰላ አለሁ።

የሻምበል ጦራችሁን ልብስ በሙሉ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ስትሸኙ የሰፈሩ ሊቀመንበር «ጀግኖቻችን!» እያለ አለቀሰ፤ የራሱ ልጅ ግን ያን ቀን ከአልጋው አልወረደም። ትናንት የግምጃ ቤቱ ሰውዬ ያንኑ ልብስ አሳጥቦ፣ በሁለት ጆንያ መልሶ አመጣልኝ።

«እትዬ፣ ቀዳዳ ቀዳዳውን ጣፊልን። ለአዲሶቹ ወዶ ዘማቾች ነው» አለኝ።

«የፊተኞቹስ ራቁታቸውን ነው የሚዋጉት?» አልኩት። ጆንያዎቹን አስቀምጦ ወጣ።

ያክስታችን ልጆችም ወዲያ ማዶ፣ ከናንተ ትይዩ ተሰልፈዋል፤ የነሱን የምትጥፍ እንደኔ ያለች ምስኪን እዚያም አትጠፋም።

ከጆንያው ሥር እጅጌው በአራት ጣት የረዘመ ኮት አገኘሁ። ለዚያ ለመቃ ክንድህ ብዬ አንድ ብቻ ነበር እንዲህ የሰፋሁት። መቼም አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ የለበስከውን አውልቀህ ለሰው መስጠት ትወዳለህ፤ ስንቴ ተቆጥቼሃለሁ! አሁን ግን አልቆጣም። ለማን እንደሰጠኸው ብቻ ጻፍልኝ።

ኮቱን ለሰውዬው አልመለስኩለትም። ደረቱ ላይ ያለውን ቀዳዳ ስትመጣ አልብሼህ እጥፈዋለሁ።

እስከዚያው ሰላምህ ይብዛ።

በር በሩን የምታይ እህትህ