ከመኪናው የወሰድኩት ቅዝቃዜ

ወላይታ ሶዶ፣ እሑድ መስከረም 7 ቀን 2004 ዓ.ም.

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ነው፤ የዳሞት ተራራ ከደመናው አልወጣም። ቤት ውስጥ ያለነው ሦስት ነን፤ ባሌ ኤርካሎ በወንበሩ ላይ፣ ዝናቡ እስኪያባራ የተቀመጠው በያጁ ጎረቤታችን ጩማ፣ እና እኔ።

ለጣውንቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጅሽስ ደህና ናት? በበዴሳ በቆሎው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እንዲያ ከሆነ እሰየው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» ይላል። ያንን ብጽፍልሽ ማናችንም አናምነውምና ትቼዋለሁ። ጽሕፈቴን ታገሺኝ፤ ፊደል የለየሁት ስኳርና ለውዝ ከሚጠቀለልበት ወረቀት ላይ ነው እንጂ ትምህርት ቤት አልገባሁም።

ኤርካሎ ከታመመ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነው። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም፣ ቃልም አይወጣውም። ካለፈው ወር ወዲህ ውሃ እንኳ ሲጠጣ ያንቀዋል። ብዙ ጊዜ የቀረው አይመስለኝም። የምጽፍልሽ ለዚህ ነው። ግን ከመኪናው ልጀምር፤ ትልቁ ጥፋቴ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ፒክአፑን ታውቂዋለሽ። እሱ ሹፌር፣ እኔ በራችን ላይ ጎማ ለጣፊ ነበርን። እሱ ታሞ ሲወድቅ መንዳት ተማርኩ፤ ፈተናውን ሁለቴ ወድቄ በሦስተኛው መንጃ ፈቃድ ሰጡኝ። በተበላ ከተማ በገበያ ቀን የቆላው እሾህ ስንቱን ጎማ እንደሚበሳ አውቃለሁ። እሱን ደግሞ ቤት የሚጠብቅልኝ ሰው የለኝም። ስለዚህ ንፋሱን ራሱ የሚሸከም መኪና ልሥራ፣ ኤርካሎንም ጎኔ አስቀምጬው ልዙር አልኩ።

ጩማ የቤንዚን ኮምፕረሰሩን ከኋላ ልጫንልሽ ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩት። ቤንዚን ይበላል፣ የመኪናውን የኤሲ ኮምፕረሰር ጎማ እንዲነፋ አደርገዋለሁ አልኩት። «የመኪናው ሞተርስ የሚጠጣው የወንዝ ውሃ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ጋዙን ለቀቅሁት። ወደ ማቀዝቀዣው የሚሄዱትን ሁለት ቱቦዎች ቆረጥኩ። በሚስብበት በኩል የጨርቅ ማጣሪያ፣ በሚገፋበት በኩል ከተገለበጠ የጭነት መኪና የተፈታ የፍሬን ንፋስ በርሜል አደረግሁለት። በሦስተኛው ቀን ኮምፕረሰሩ ነክሶ አልዞርም አለ፤ የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ጨሰ። ፈትቼ ውስጡን ሳይ ደረቅ ሆኖ አገኘሁት። ለካ ዘይቱ ከጋዙ ጋር ነበር የሚዞረው፤ ጋዙን ሳባርር ዘይቱንም አባርሬዋለሁ። ይህን የነገረኝ ሰው የለም። ከብረታ ብረት ሻጮች ሌላ ለምኜ አመጣሁና፣ ኤርካሎ ሆስፒታል ተኝቶ ከተሰቀለለት ግሉኮስ የተረፈችውን ቀጭን ቱቦ በሚስብበት አፍ ላይ አሰርኩለት። ዘይት ጠብ ጠብ ታደርግለታለች፤ ጠብታውንም በትንሿ መዘውር አበዛለሁ፣ አሳንሳለሁ። ዘይቱ ወደ ሰው ጎማ እንዳይገባ በመውጫው ላይ ሌላ ማጣሪያ አለ። በርሜሉ ሲጠግብ ትርፉን የሚያስወጣ ቫልቭም አለው። ማብሪያውን ብቻ አልለወጥኩም። ያው ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የኤሲው ቁልፍ ነው፤ ሲጫኑት ኮምፕረሰሩ ይያያዛል፣ በርሜሉ መሙላት ይጀምራል።

ሠራልኝ። ከሁለተኛው ገበያ ጀምሮ ደግሞ ኤርካሎ በግራ እጁ ቁልፉን ይጫን ጀመር። ሥራዬን አይቶ የለመደ መሰለኝ። ደገፉ የሚባል የሚኒባስ ሹፌር ባየው ቁጥር «እትዬ፣ ረዳትሽ ካንቺ ይፈጥናል፤ ኋላ ሌላ ጎሚስታ እንዳይወስድብሽ!» ይለኝ ነበር። እኔም በኩራት «የእኔ ነው፣ የትም አይሄድ» እል ነበር። ማታ ፊቱን ሳጥበው ዛሬም አገዝከኝ፣ ተባረክ እለዋለሁ። እሱ ያየኛል።

ትናንት ገበያው ቀዝቃዛ ነበር፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ጎማ ይዞ የመጣ ሰው የለም። በርሜሉ ሞልቷል፣ ሞተሩ እየሠራ ነው፣ እኔ ከውጭ ማጣሪያውን አጥባለሁ። ኤርካሎ ቁልፉን ተጫነ። ቆይቶ እንደገና ተጫነ። ሞልቷል ተው ልለው ቀና ስል በደህናው እጁ የሸሚዙን አንገት ከፍቶ፣ ፊቱን ወደ ንፋስ መውጫው አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አየሁት። ከዚያ የሚወጣው ትኩስ አቧራ ነው። እሱ ግን ይጠብቃል። ሲቀርበት ደግሞ ቁልፉን ተጫነ።

ያንን አቀማመጥ አውቀዋለሁ፤ ካንቺ ላይ ነው ያየሁት። የዛሬ አምስት ዓመት በሚኒባስ ከተበላ ስመለስ ፒክአፑ አለፈን። በዚያ ሙቀት መስኮቱን ዘግቶ የሚሄድ መኪና እሱ ብቻ ነበር። ነጠላሽን ከአንገትሽ አውርደሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ ፊትሽን ለቅዝቃዜው ሰጥተሽ ተቀምጠሻል። እሱ ይስቃል። እኔ በዚያ መኪና ስሄድ ኤሲውን ከፍቶልኝ አያውቅም። ነዳጅ ይበላል ይለኝ ነበር።

እህቴ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንቺን ሲጠራ እኔ ጎማ ስነፋበት ኖሬያለሁ።

ሌላም አለ። እንደታመመ በሦስተኛው ወር ወንድምሽን አድነውን ከሙዝና ከቅቤ ጋር ልከሽው ነበር። በራችን ላይ ቆሞ «ትምጣና ትየው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ኤርካሎ አላውቃትም ብሏል» አልኩት። ኤርካሎ ያኔ አንድ ቃል አይወጣውም ነበር። ሙዙን ግን ተቀብያለሁ፤ በላነውም።

ዛሬ ጩማን ኤሲውን ወደ ድሮው መመለስ ይቻል እንደሆነ ጠየቅሁት። «አንቺ ሴትዮ፣ ሁለት ዓመት የገበሬ ጋሪ ጎማ ሲነፋ የኖረን ኮምፕረሰር ተነሥና የጌታ ወንበር አቀዝቅዝ ብትዪው ይሰማሻል?» አለኝና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቱቦዎቹስ አይበየዱም ወይ አልኩት። መሳቁን ተወ። «በብሎን የታሰሩ ነበሩ እኮ» አለኝ። «በሁለት ደቂቃ የሚፈታውን በመጋዝ ስትቆርጪው ቆሜ አይሻለሁ። ልናገር ብዬ ፊትሽን ሳይ ተውኩት።»

ኤርካሎ ይሰማ ነበር። ተነሥቼ ብርድ ልብሱን አስተካከልኩለት።

ዝናቡ ሲያባራ ጩማ ከበሩ ላይ ዞር ብሎ «አዲስ ዓመታችን ጊፋታ ሊገባ ሳምንት ቀረው። ቂም ተይዞ ሥጋ አይቆረስም፤ ይህን ላንቺ አልነግርሽም» ብሎኝ ሄደ።

ወደ ቤቴ ነይ ብልሽ እንዳትመጪ ያደረግሁሽ እኔው ነኝ። ስለዚህ እኔ አመጣዋለሁ። ውሰጂው ማለቴ አይደለም፣ አትውሰጂውም አላልኩም። ሳይሞት ይይሽ። ያንን ቅዝቃዜ መልሼ ልሰጠው አልቻልኩም።

ሰኞ፣ መስከረም 8።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣሁ። ውሃ አሞቅሁ፣ ገላውን አጠብኩት፣ ጢሙን ላጨሁት። የገብስ ሙቅ በማንኪያ ሰጠሁት፤ ሰባት ማንኪያ ዋጠ። ነጩን ሸሚዝ አለበስኩት። ክሪኩን፣ መፍቻዎቹንና የንፋስ ቱቦውን ከመኪናው አውርጄ ቤት አስገባሁ። ጩማን ጠርቼ ተሸክመን አስቀመጥነው። ወዴት እንደምንሄድ ጩማ አልጠየቀኝም። በበዴሳ መንገድ ነዳሁ፤ ጭቃ ስለነበረ ቀስ አልኩ፣ ሁለቴ ቆሜ ምራቁን ጠረግሁለት። ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ከእህል መጋዘኑ አለፍ ብዬ ቤትሽን ጠየቅሁ፤ አንዲት ሴት አሳየችኝ። ፊቱ ወደ በርሽ እንዲሆን አዙሬ አቆምኩ። መስኮቶቹን ከፈትኩ። ይህን የምጽፈው መሪው ላይ አስደግፌ ነው። ስጨርስ በርሽ ድረስ እንዲያደርስልሽ ደብዳቤውን እዚህ ለቆመው ሞተረኛ እሰጥና ወርጄ መጋዘኑ ጥግ እቀመጣለሁ። የሹፌሩን ወንበር ለቅቄልሻለሁ። የሞተሩ ቁልፍ እዚያው ተሰክቷል።

ውሃ ስትሰጪው ራሱን ወደ ግራ አዘንብይለት፣ ያኔ አያንቀውም።

እግዚአብሔር ልጅሽን ያሳድግልሽ። ቤትሽን ሙሉ ያድርገው። ለበደልኩሽ ይቅር በዪኝ፤ ዛሬ ባይሆንልሽ ለሌላ ጊፋታ ያድርስሽ።

ሌላዋ ሚስቱ