ለደስታ የተነፋው ጡሩምባ

ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት 8

ውድ አያ ይሻው፣

እንደምን ሰነበቱ? ሐሙሲት ተስማማዎት? ልጅዎና የልጅ ልጆችዎ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ከጉና ተራራ እየወረደ ጣቴን ቢያደነዝዘውም ብሩሽ ከመያዝ አላገደኝም። የምጽፍልዎት የሱቅ ሰሌዳ ጸሐፊዋ ትዝታ ነኝ፣ የላቀች ልጅ። ሳይሰናበቱን ስለሄዱ ተቀይሜዎት ነበር። አሁን ግን የምለምንዎት ነገር አለኝና ቅያሜዬን ትቼዋለሁ። ተመልሰው ይምጡልን። ደብዳቤውን ሳይጨርሱ ደግሞ እምቢ እንዳይሉ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ ለሕክምና ባሕር ዳር ሄዳ እዚያው አረፈች። ዘመዶቼ መርዶውን ረፋዱ ላይ ቀስ ብለው ሊነግሩኝ ተማክረው ነበር። አንቱ ያንን አያውቁም። እንደ ሁልጊዜው ንጋት ላይ በደጃችን ሲያልፉ ጡሩምባዎን ሦስት ጊዜ ነፉና የእናቴን ስም ጠሩ። የሰማሁት አልጋዬ ላይ እንዳለሁ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠላሁዎት። ገበያ መሐል “ትዝታዬ፣ ደህና ነሽ?” ሲሉኝ ያልሰማሁ መስዬ የማልፈው ለዚህ ነበር። የእድር ለፋፊ የታዘዘውን ብቻ እንደሚናገር አድጌም አውቄው ልቤ አልቀበል አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት በሞገስ ፎቶ ቤት እንደምንሰበሰብ ያውቃሉ። ሞገስ ፎቶ ያነሳል፣ ሩት ቲያትር ትጽፋለች፣ ደሳለኝ የቤት ዕቃ ይሠራል። ወሬያችን ስለ ከተማችን ኑሮ ነበር፤ ሰዉ እንዲቀራረብ ምን እናድርግ የሚል። ደሳለኝ በየሰፈሩ አግዳሚ ወንበር ይቀመጥ አለ። ሞገስ የሽማግሌዎች ፎቶ አደባባይ ላይ ይሰቀል አለ። ሩት ቲያትር አለች፣ እኔ የግድግዳ ሥዕል። እያንዳንዳችን ከተማዋ የጎደላት የኛው ሥራ ይመስለን ስለነበር ስንት ወር ተከራከርን መሰለዎት።

በመጨረሻ ሩት ሰልችቷት “ይህ ሰፈር አንድ ላይ የሚቆመው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። የተወለደው፣ የተመረቀውስ ለምን አይለፈፍም?” አለች። እኔ ብቻ ተቃወምኩ፤ ምክንያቴን ግን አልነገርኳቸውም። ሦስቱ አሸነፉኝና ተያይዘን ቤትዎ መጣን። ያኔ ያሉንን አልረሳውም። “ልጆቼ፣ ሠላሳ ዓመት ስለፍፍ ደስ ብሎኝ በሰው ደጅ ቆሜ አላውቅም። እስቲ አንድ ቀን እንኳ ልቁም” አሉን። አንገቴን ደፋሁ። ለካ ያ ጡሩምባ ከእኔ ይልቅ አንቱን ይከብድዎት ኖሯል።

የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ማሩ እያቅማሙም ቢሆን አንዴ ይሞከር አሉ። እኛም ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ቃል ስንመርጥ ሰነበትን። “ብሥራት” ይሻላል ወይስ “የምሥራች” በሚለው ብቻ አንድ ቅዳሜ አለቀ። ስለ ጡሩምባው ግን ያሰበ የለም። ሰዉ ያንን ድምፅ ሲሰማ ቃሉን ቆሞ እንደማይጠብቅ እኛ አራት ጥበበኛ ነን ባዮች አልታየንም።

መስከረም 20 ልብስ ሰፊዋ ፈንታነሽ፣ ከጋብቻዋ አሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ወንድ ልጅ ወለደች። በማግሥቱ ንጋት ላይ ደጇ ቆመው እንደ ልማድዎ ሦስት ጊዜ ነፉ። የሆነውን እኔ ልነግርዎት አይገባም። ወንዶቹ ድንኳን ተሸክመው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ መጡ። አንቱ “ወንድ ልጅ ተወልዷል” ቢሉ በዚያ ልቅሶ መሐል ማን ይስማዎት። የፈንታነሽ አማት ሕፃኑ የሞተ መስሏቸው ደጃፉ ላይ ወደቁ። አቶ ማሩም በሞት የሚቀልድ ሽማግሌ ብለው በሰው ፊት ወረፉዎት። አንቱ ጡሩምባውን በአቶ ማሩ እግር ሥር አኑረው ሄዱ፤ በዚያው ቀንም ወደ ሐሙሲት ተሳፈሩ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው ማለት ሲገባኝ ዝም አልኩ። ይህ ሁለተኛው ኑዛዜዬ ነው፣ ከመጀመሪያውም ይብሳል።

አሁን የማያውቁትን ልንገርዎ። አማቲቱ ነፍስ ሲዘሩ ሕፃኑን ታቅፈው ወጥተው ለሰዉ አሳዩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካክለው ሰባት ጊዜ እልል አሉ። ድንኳኑ ተተክሎ ስላለቀ የሚያነሳው ጠፋ። ደሳለኝ አጋጣሚውን አግኝቶ የእድሩን አግዳሚዎች ደረደረ። ለአራሷ የተገነፋው ገንፎ ለዚያ ሁሉ ሰው አይበቃምና ከየቤቱ የገብስ ዱቄትና ቅቤ ይመጣ ጀመር። ሞገስ ፎቶ ሲያነሳ ዋለ። ሩት “እኔ ሳልጽፈው የተሠራ ቲያትር ነው” እያለች ስቃ ልትሞት። ሰዉ እስኪመሽ አልተበተነም። ከእኔ ቤት ሦስተኛው ቤት የሚኖሩት ሴትዮ ከእናቴ ጋር ጥጥ ይፈትሉ እንደነበር የሰማሁት ያን ቀን ነው። ስለ እሷ ብዙ አጫወቱኝ። አያ ይሻው፣ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እሑድ በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሣሁና ጥፋቱ የእኛ መሆኑን ተናገርኩ። አቶ ማሩ “እኔም ያን ቀን ሁለት ጊዜ ገንፎ በልቻለሁ” አሉ። ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ከእንግዲህ ለደስታ ሲሆን ቃሉ ይቀድማል፣ ጡሩምባው አንዴ ብቻ አጠር ብሎ ይከተላል ተብሎ ተወሰነ። ችግሩ የሚነፋው ሰው ነው። ደሳለኝ ሞክሮት እናቱ የጠፋችበት ጥጃ መሰለ። አቶ ማሩ ራሳቸው ሐሙሲት ድረስ መጥተው ይቅርታ ሊጠይቁዎት ነው፤ ሲመጡ እባክዎ ብዙ አያስለምኗቸው።

ይህን ሁሉ ልጽፍልዎት ካሰብኩ ቆይቻለሁ፣ እፍረቴ ነው የያዘኝ። ትናንት ግን ፈንታነሽ አስጠራችኝ። አንቱ ያን ዕለት አንገትዎን ደፍተው ሲሄዱ በመስኮት አይታዎት ኖሯል። “ጻፊላቸው” አለችኝ። “ልጄን ከሁሉ ቀድመው ያበሠሩት እሳቸው ናቸው። የክርስትና አባቱም እሳቸው እንዲሆኑልኝ እፈልጋለሁ።” ባሏም ንስሐ አባታቸውም ተስማምተዋል። የቀረው የአንቱ እሺታ ብቻ ነው።

አርባኛው ቀን ጥቅምት 29 ነው። በጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለንና ከዋዜማው ይግቡ። ሕፃኑን ታቅፌ ደጀ ሰላሙ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ለአንቱ ካልሆነ ለማንም አላቀብለውም።

ልጅዎ ትዝታ