ስለ ጥጋቡ አካልና ስለ ክቡርነትዎ ፊት

ለክቡር ፊታውራሪ ይርዳው፣ ለምክትል ወረዳችን ገዥ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? የገበያውን ግንብ ያየ ሁሉ እንደሚመሰክረው መልክዎ ደህና ነው። ይህን መልክ የሳልሁት እኔ ግን ከሚያዝያ ወዲህ ሰው ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል። እንዳይቆጡኝ እየለመንሁ አቤቱታዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በጠላት ዘመን የወደቁትን የጋይንት አርበኞች ገበያተኛው በሚያየው ግንብ ላይ እንድስል ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። ሥዕሉ ባለቀ ማግስት ደግሞ ከአርበኞቹ የአንዱን፣ የጥጋቡን ፊት ፍቄ የክቡርነትዎን እንድስልበት፣ ልብሱና መሣሪያው ግን እንዳለ እንዲሆን ስላሉኝ አመሰግናለሁ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ልብሱንም አይምርም ነበር። ከወደቁት መካከል ቆሞ የሚሄድ ክቡርነትዎ ብቻ ነዎት። ጥጋቡ የተሸሸገበትን ዋሻ ለጠላት ያሳዩት እርስዎ መሆንዎን እኔም አውቃለሁ፣ አገሩም ያውቃል። ቢሆንም እንዳዘዙኝ ሳልሁ። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሁለተኛ፤ የጥጋቡ ባለቤት እመት አሰለፈች አርብ አርብ ገብስ ጭነው ሲመጡ ግንቡን ይሳለማሉ። ባላቸው ግራኝ ነበርና ጠመንጃ በግራ እጁ የያዘውን አይተው አካሉን አወቁት። ፊቱን ግን አላወቁትም፤ ክቡርነትዎንም በቅርብ አይተው አያውቁም። ጥፋቱን በግንቡ ሳይሆን በራሳቸው አደረጉት፤ ሃያ ዓመት ያለቀስሁለትን ሰው መልክ ረሳሁት ብለው ለንስሐ አባታቸው ተናዘዙ። አባም እየራሩ የአርባ ቀን ስግደት ሰጧቸው። በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ደጀ ሰላሙ ላይ ሲሰግዱ አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። አንድ ቀንማ፣ ልጄ፣ መልኩ እውነት እንዲህ ነበር ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ አዎ እንዲህ ነበር አልኋቸው። ከዚያ ወዲህ ግንቡ ሥር እየቆሙ ስለ መርሳታቸው ይቅርታ ይለምናሉ። የሚለምኑት የክቡርነትዎን ፊት ነው።

ሦስተኛ ብዬ የጀመርሁት አቤቱታ የራሴ ኃጢአት ሆኖ ስላገኘሁት ትቼዋለሁ።

የክቡርነትዎን ፊት በደማቅ ቀለም ያኖርሁ፣ የራሴን ግን የማኖርበት ያጣሁ፣ ትሑት አገልጋይዎ
ሰዓሊ ወልደ ጊዮርጊስ
ሰኔ ፲፱፻፶ ዓ.ም.

ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል ገበያተኛ ሁሉ።

ተጨማሪ፦ ትናንት እመት አሰለፈች ቤት ሄጄ፣ እግራቸው ላይ ወድቄ ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ። አልረገሙኝም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀለሙ በውሃ ይለቅ እንደሆነ። ይለቃል ብያቸዋለሁ።