ያልላክሁት ፎቶ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም። እንደምን ሰነበትሽልኝ? ዓይንሽ ከስፌት መርፌው ጋር አሁንም ይጣላል ወይስ መነጽሩን አደረግሽ? የእማዬስ ጉልበት ተሻለው ወይ? እኔ እናንተን እናንተን ከማለቴ ሌላ ደህና ነኝ።

በወረቀት የምጽፍልሽ ወድጄ አይደለም፤ የኢንተርኔት መስመሬ ተቆርጦ ነው። ከኩባንያው አንዲት ሴት ደውላ፣ ከቤቴ ኮምፒውተር ለብዙ ሺህ ሰው ቆሻሻ መልእክት እየወጣ ነው አለችኝ። ከእህቴ በቀር ለማን እጽፋለሁ ብዬ ተቆጣኋት። ለካ እውነቷን ኖሯል። ኮምፒውተር ጠጋኝ መጥቶ ሲከፍተው፣ አብሮኝ የሚኖረው ጋጋሪ በነጻ አገኘሁ ብሎ ከጫነው ፊልም ጋር ተደብቆ የገባ ፕሮግራም አገኘ። ኮምፒውተሬ ለማላውቀው ሌባ ሲላላክ ይውላል፤ እኔ ደግሞ መንቀራፈፉን አይቼ፣ አረጀ እያልሁ አዝንለት ነበር። እንዲህ የተያዙ የየሰዉ ቤት ኮምፒውተሮች ስፍር ቁጥር የላቸውም አለኝ ጠጋኙ፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይቀጥላል። ሰዉም መልእክቱ ላይ የሚያምነውን ሰው ስም ስለሚያይ ይከፍተዋል።

አንቺም የከፈትሽው ለዚያ ነው። «ፎቶዬን እዩልኝ» የሚለውን መልእክት እኔ አልላክሁትም፣ እታለም። እማዬ ልብስ ማጠቧን ትታ፣ እጇን አደራርቃ፣ ጸጉሯን ሳይቀር አበጥራ ስክሪኑ ፊት መቀመጧን በስልክ ነገርሽኝ። አንቺ ደጋግመሽ ብትነኪውም አልከፈት ሲልሽ፣ ከስቶ ይሆናል፣ አፍሮ ነው፣ ተይው አለችሽ። ስትነግሪኝ ሳቅሁ፤ ስልኩን ዘግቼ ግን ደረጃው ላይ ቁጭ አልሁ።

አሁን ያንን ኮምፒውተር ከመስመሩ ንቀዪው። የነካሽው ነገር ወደ አንቺም ገብቶ ይሆናል፤ ለደንበኞችሽ በስምሽ መጻፍ ሳይጀምር የሚያውቅ ሰው ያጽዳው። የይለፍ ቃልሽንም በሌላ ኮምፒውተር ለውጪው። ሰው በእኔ የተነሳ እንዳይቀየምሽ።

ይህቺን ለእማዬ አታንብቢላት። ከስቻለሁ። የጠርሙስ ፋብሪካው ምድጃ ወላፈን ምግብ አላስበላ ብሎኛል። ፎቶ ላክ ስትሉኝ ካሜራው ተበላሸ ስል የከረምሁት ለዚህ ነው። እማዬ ያልተከፈተላትን ፎቶ በደንብ አይታዋለች።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ዝምተኛውን አናጢ ባልሽን ሰላም በይልኝ። ጥያቄ የማያልቅባትን ልጅሽን፣ አጎትሽ ናፍቆሻል በያት። አንቺን ግን በወረቀት አልስምሽም፤ መጥቼ ነው።

ታናሽ ወንድምሽ
ከፋብሪካው ጀርባ፣ ከሦስተኛ ፎቅ ክፍሌ
ኅዳር ፱ ቀን