ከራሴ በላይ የሚንከባለለው ዋልነት

እሑድ፣ ኒሳን 4
ገበያ ወጣሁ። ሁለት ኪሎ ዋልነት ከነቅርፊቱ ገዛሁ። ለማን? እንጃ... ሻልቫ በሕይወት እያለ የምንገዛውን ያህል ነው የገዛሁት።
ሻጩ "ኤጎዝ! ኤጎዝ!" እያለ ይጮሃል። ከጆርጂያ የመጣን ሰሞን አንድም የዕብራይስጥ ቃል አናውቅም ነበር፤ በኛ ቋንቋ ዋልነት ኒጎዚ ነው። እዚሁ አሽዶድ ገበያ ይህን ጩኸት ስንሰማ ባሌ ሻልቫ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። "ናኑሊ፣ የኛን ኒጎዚ እኮ ነው የሚጠራው!" ሳቁ ገበያውን ሞላው።
ከላይ ቤት ያሉት ልጆች ዛሬም ኳስ ያነጥራሉ። በመጥረጊያው እንጨት ኮርኒሱን መታሁ። ጸጥ አሉ።

ረቡዕ፣ ኒሳን 7
ጌላ ከካናዳ ደወለ። "እማ፣ ለፋሲካ አልተመቸኝም።" ይሁን ልጄ፣ አልኩት። ስልኩ ሲዘጋ አለቀስኩ። ያለ ሻልቫ የመጀመሪያው ፋሲካ ነው።
ደረጃው ላይ ኦስናትን አገኘኋት፤ የላይኞቹ ልጆች እናት። "እማማ ናኑሊ፣ በዓሉን የት ነዎት?"
"ልጄ ይመጣል።"
ለምን ዋሸሁ? ኩራት እራት አይሆንም...

ሰኞ፣ ኒሳን 12
ዋልነት ስፈለፍል ዋልኩ። ለአንድ ሰው መሥራት አላውቅበትም፣ በዛ።
ሻልቫ ስለ ኤጎዝና ኒጎዚ አውርቶ አይጠግብም ነበር። ቃሉ ከዛፉ ጋር ከፋርስ በኩል መጣ ይል ነበር። ዐረቡም አርመኑም በየአፉ ይጠራዋል። "በቅዱሱ መጽሐፍ ግን ኤጎዝ አንዴ ብቻ ነው የተጻፈው፣ በፍቅሩ መዝሙር፣ በመኃልየ መኃልይ ውስጥ። ብቸኛ ይመስላል እንጂ ዘመዱ ብዙ ነው።"
"አንተ ሰው፣ ፈልፍል እንጂ አትስበክ!" እለው ነበር። አሁን ማን ይስበክልኝ?

ዓርብ፣ ኒሳን 16
በበዓል አይጻፍም፣ ዛሬ ልጻፈው።
ረቡዕ ማታ የፋሲካውን ማዕድ ለብቻዬ ዘረጋሁ። በማዕዱ የሚጠይቀው ልጅ ነው፤ ልጅ የሌለበት ሰው ራሱን ይጠይቅ ነው ሕጉ። ይህች ሌሊት በምን ተለየች ብዬ ጠየቅሁ። ድምፄን ስሰማ ፈራሁ። መልሱን፣ ከባርነት የወጣንበትን ታሪክ፣ ማንበብ አቃተኝ።
ከላይ ዋልነት ተንከባለለ። ልጆች እንቅልፍ እንዳይጥላቸው የሚሰጣቸው ነው። ጌላም ትንሽ ሳለ እንዲሁ... መጥረጊያውን አንሥቼ ኮርኒሱን መታሁ። ተቆጥቼ አይደለም። አለሁ ለማለት ነበር።
እነሱ ግን ጭጭ አሉ። ምነው እጄን በቆረጠው!
የቀረውን ዋልነት በሽርጤ አፍሼ ደረጃውን ወጣሁ። ኦስናት ስትከፍት ፊቷ ቀልቷል።
"ይቅርታ እማማ ናኑሊ፣ አሁኑኑ አስተኛቸዋለሁ።"
"አታስተኛቸው! ልጄ አልመጣም፣ ዋሽቼሽ ነው።"
ሽርጤ ከእጄ አመለጠ። ዋልነቱ ቤቱ ውስጥ ተበተነ፣ ልጆቹም እየተንጫጩ ተከተሉት። ትንሿ ሊራዝ ብቻ ቆማ አየችኝ። "መጥረጊያሽንስ የት ጣልሽው?" እናቷ ቆነጠጠቻት። እኔ በሳቅ ፈረስኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ...
ወንበር ጨመሩልኝ።

እሑድ፣ ኒሳን 18
ትናንት ምኩራብ የፍቅሩ መዝሙር ተነበበ። ያቺ አንዲት ቃል ስትደርስ ሊራዝ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ነግሬያት ነበር። ሻልቫ ይህን ቢያይ አልኩ፣ እንባዬ መጣ።
ዛሬ ከሰዓት እንደገና ከላይ ተንከባለለ። መጥረጊያዬን አንሥቼ ሁለቴ መታሁ።
ሁለቴ መለሱልኝ።